ከመሲና እስከ ኮልፌ፤ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ታሪክ

ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 60 ሣንቲ ሜትር የሆነ የዓሣ ገንዳ እስከ አፉ ቢሞላ 450 ሊትር ውሃ ይይዛል። መስታወቱ፣ ጠጠሩና የብረት መቆሚያው ሲታከሉበት ክብደቱ ወደ 600 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከአንድ ካሬ ሜትር ባነሰ ወለል ላይ ሲሆን፣ የመኖሪያ ቤት ወለል በተለመደው ስሌት የሚነደፈው ግን በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ያህል ተጨማሪ ጭነት እንዲሸከም ነው። እንግዲህ በኮልፌ ቀራንዮ ያገለገለ ትልቅ ገንዳ ገዝቶ፣ አድሶ፣ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ለማቆም የሚነሣ ሰው ሳያውቀው የመሐንዲስ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ገንዳው ከክፍሉ መካከል ሳይሆን ከቢሙ አጠገብ መቆም ያለበትም ስለዚህ ነው። ሥራው ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለው፤ ያለዚያ ታሪክም የእድሳቱ ምክንያት በቅጡ አይገባም።

እ. ኤ. አ. በ1832 ዓ. ም. ዣን ቪልፕሩ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ፣ የባሕር እንስሳትን በሕይወት ለመመልከት የመስታወት ገንዳ አሠራች። ሴትዮዋ አስቀድማ በፓሪስ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከኦክቶፐስ ወገን የሆነው አርጎናውት ቅርፊቱን ራሱ ይሠራል ወይስ ከሌላ ይወስዳል የሚለውን የሊቃውንት ክርክር የፈታችው፣ በገንዳዋ ውስጥ ቅርፊቱን ራሱ ሲሠራ በዓይኗ አይታ ነው።

ይሁንና ነገሩ ወደ ተራው ሰው ቤት እንዲገባ መስታወት መርከስ ነበረበት። በእንግሊዝ አገር በመስታወት ላይ ተጥሎ የነበረው ቀረጥ እ. ኤ. አ. በ1845 ተነሣ። ከአምስት ዓመት በኋላ የኬሚስትሪ ባለሙያው ሮበርት ዋሪንግተን 50 ሊትር ገደማ በሚይዝ ገንዳ ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ከውሃ ተክል ጋር አኖረ። የሚበሰብሰው ቅጠል ውሃውን ሲያበላሽበት ቀንድ አውጣ ጨመረ፤ ውሃውም ጠራ። በ1853 የለንደን የእንስሳት መጠበቂያ የዓሣ ቤት ከፈተ፤ በ1854 ደግሞ ፊሊፕ ጎስ ባሳተመው መጽሐፍ «አኳሪየም» የሚለው ቃል ተስፋፋ።

የዚያን ዘመን ገንዳ የብረት አንግል ነበረው፤ መስታወቱ ከብረቱ ጋር የሚያያዘውም በተልባ ዘይት በተለወሰ ስቱኮ ነበር። ስቱኮ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለዓመታት ውሃ ሳያዝል የቆየ ባለ ብረት ገንዳ እንደገና ሲሞላ በየማዕዘኑ ቢያለቅስ አያስደንቅም። ነገሩን የለወጠው እ. ኤ. አ. በ1960ዎቹ የተስፋፋው የሲሊኮን ማጣበቂያ ነው። መስታወት ከመስታወት ጋር ያለ ብረት ተጋጠመ፤ መስታወቱ ራሱም የገንዳው አጥንት ሆነ። ከላይ በተጠቀሰው ገንዳ ውሃው አንዱን ረጅም ገጽ ወደ ውጭ የሚገፋው ወደ 270 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል ነው፤ ይህን ኃይል የሚይዘው የሲሊኮኑ መስመር ነው። ወርዱ ቢቀንስም ቢጨምርም ይህ ግፊት አይለወጥም፤ ከፍታው ሲጨምር ግን በካሬው ያድጋል።

አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ አይጣበቅም። ያረጀውን መጋጠሚያ ላይ ላዩን ቀብቶ ማለፍ፣ ብዙ ጊዜ የሚታየው አቋራጭ፣ እድሳት ሊባል አይገባውም። አሮጌው እስከ ሥሩ በምላጭ ተፍቆ መስታወቱ በአልኮል መጠረግ አለበት። ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ያለበት የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ዓሣ ስለሚመርዝ አይሆንም። የደረቀውን የኖራ እድፍ አቼቶ ያነሣዋል፤ ሳሙና ግን ከገንዳው መራቅ አለበት። ከዚያም መቆሚያው በውሃ ልክ ተስተካክሎ፣ ገንዳው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በደጅ ተሞልቶ ጥቂት ቀናት ይፈተናል።

ዋሪንግተን ጤናማነቱን የገለጸው ተክሉ ለዓሣው ኦክሲጅን ይሰጣል፣ ዓሣውም ለተክሉ ምግብ ይሆናል በሚል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ተክል ሌሊት ራሱ ኦክሲጅን ይወስዳልና፣ ብዙ ዓሣ ባለበት ገንዳ አብዛኛው ትንፋሽ የሚመጣው ከውሃው ገጽ ነው። ሌላው ግማሽ የተገለጠው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ. ኤ. አ. በ1890 ገደማ በዙሪክ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎችን ለይቶ ሲያወጣ ነው። ከዓሣ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ካልበረከቱ የጠራ ውሃ ሞት ይሆናል። በገንዳ ውስጥ ሁለተኛውን ሥራ በዋነኛነት የሚሠሩት ናይትሮስፒራ የሚባሉት መሆናቸው የታወቀው ደግሞ በ1998 ነው። ከአሮጌው ገንዳ ጋር የሚመጣው ጭቃማ ማጣሪያ፣ ገና ካልደረቀ፣ ከመስታወቱ ይልቅ ይከበራል፤ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ግን ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል።

የኮልፌ ነገር ከዚህ ላይ ይለያል። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ሲይዝ፣ እዚህ ከ7 ያነሰ ይይዛል። በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ለገንዳው የሚፈቅደው የዓሣ ብዛት ለኮልፌ አይሠራም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ውሃን በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት ካስገባ ወዲህ አዲስ አበባ ብዙ ግድቦች አይታለች፤ በአምቦ መንገድ ያለው ገፈርሳም እ. ኤ. አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ከተማዋን ያጠጣል። ይሁን እንጂ ውሃ በፈረቃ ይመጣል። በሮቶ ጥቂት ቀን ያደረ ውሃ አብዛኛው ክሎሪን ስለሚለቀው፣ ለሰው ችግር የሆነው ፈረቃ ለዓሣ አንዳንድ ጊዜ ይጠቅማል።

መብራት ሲጠፋ ግን ጥቅም የለውም። ፓምፑ ሲቆም በማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በሰዓታት ውስጥ ይታፈናሉ፤ ማሞቂያውም ይቀዘቅዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የደጁ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ከተማ፣ 25 ዲግሪ የሚሹትን የሞቃት አገር ዓሦች ማኖር በመብራት ላይ መወራረድ ነው። ቆሮሶ ያድጋል፣ ጠጠሩንም ይቆፍራል። ቅዝቃዜን የሚችለው ያው የዋሪንግተን ወርቃማ ዓሣ ይሻላል፤ ከጎኑም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ለ450 ሊትሩ ገንዳ ስድስት ዓሣ ይበቃል፤ እነርሱም የአሞኒያው ምርመራ ባዶ ካሳየ በኋላ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ በየሦስት ሳምንቱ ቢገቡ ነው።