«መጥፎ ቅርጽ» ያለው ማን ነው?

ካርቶን ላይ 19 አግድም፣ 19 ቁልቁል መስመር አሰመርን። ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጥቁርና ነጭ ቁልፍ ለመንን። ጎ የሚባለውን ጨዋታ የጀመርነው እንዲህ ነው። ሕጉን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ከዚያ ወዲያ ግን ለወራት ስንሸነፍ ኖርን። ስልካችን ላይ የጫንነው ፕሮግራም ያሸንፈናል፤ እጃችን የገባው የጀማሪዎች መጽሐፍ ደግሞ የሽንፈታችንን ምክንያት በሁለት ቃል ይዘጋዋል፤ «መጥፎ ቅርጽ»። ለምን መጥፎ ሆነ? መጥፎ ያለውስ ማን ነው? መጽሐፉ አይናገርም። ጋዜጠኝነት ካስያዘን አመል አንዱ ምንጩ ያልታወቀ ወሬ አለመቀበል ነውና፣ ጥያቄውን ተከትለን ታሪክ ውስጥ ገባን።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ እንንገራችሁ። ጎ ከቻይና የመጣ፣ ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች በየተራ ጠጠር የሚያስቀምጡት መስመሮቹ በሚገናኙባቸው 361 ነጥቦች ላይ ነው። እንደ ዳማና እንደ ቼዝ መንቀሳቀስ የለም፤ አንዴ የተቀመጠ ጠጠር እስካልተማረከ ድረስ እዚያው ነው። ሰፊ ቦታ ያጠረ ያሸንፋል። ከጠጠሩ ጎን ያሉት ክፍት ነጥቦች መተንፈሻው ናቸው። ቻይናውያን «ቺ» ይሏቸዋል፤ ትንፋሽ ማለት ነው። ጠላት መተንፈሻውን ሁሉ ከዘጋበት ጠጠሩ ይማረካል።

አሁን እስክሪብቶ አንሱና ቁጠሩ። ሦስት ጠጠሮችን በአንድ መስመር አሰልፉ፤ 8 መተንፈሻ አላቸው። እነዚያኑ ሦስት ጠጠሮች እንደ ክርን አጥፋችሁ አስቀምጧቸው፤ 7 ይሆናል። የጎ ተጫዋቾች «ባዶ ሦስት ማዕዘን» የሚሉት፣ የመጥፎ ቅርጾች ሁሉ አውራ ይህ ነው። ባዶ የተባለው በክርኑ ውስጥ ያለው አራተኛው ነጥብ ላይ የማንም ጠጠር ስለሌለ ነው።

ኪሳራው በአንድ መተንፈሻ አያበቃም። በሰያፍ የተቀመጡ ሁለት ጠጠሮች የሚገናኙበት ሁለት መንገድ አላቸው፤ ጠላት አንዱን ቢዘጋ በሌላው ይገናኛሉ። ያለ አስገዳጅ ምክንያት ሦስተኛ ጠጠር አስገብቶ ማያያዝ ሒሳቡ በተከፈለ ዕቃ ላይ ድጋሚ መክፈል ነው። እናንተ ድጋሚ ስትከፍሉ ተጋጣሚያችሁ ሌላ ቦታ መሬት ይይዛል።

ሌሎቹም ቅርጾች ስም አላቸው። ሦስት ጠጠሮች አንድን ነጥብ በሦስት በኩል ከከበቡት «የነብር አፍ» ይባላል፤ የገባ ጠላት ይበላል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጥንዶች በመሃላቸው አንድ መስመር ትተው ሲተያዩ «የቀርከሃ አንጓ» ነው፤ ማንም አይቆርጠውም። አንድ ላይ ተጨናንቀው የተከመሩት ደግሞ «ዳንጎ» ናቸው፤ በሩዝ ዱቄት በሚሠራ ድብልብል የጃፓን ምግብ ስም።

ይህን ዕውቀት በሥርዓት የያዙት ጃፓኖች ናቸው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1600ዎቹ መጀመሪያ የቶኩጋዋ ገዢዎች ለጎ አዋቂዎች ድርጎ መስጠት ጀመሩ። ሆኒንቦ፣ ኢኖዌ፣ ያሱይና ሀያሺ የተባሉ አራት ቤቶች ቆሙ። ሹሞቻቸው በሾጉኑ ቤተ መንግሥት ይጋጠማሉ፤ ተማሪዎቻቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ቅርጽ ያጠናሉ።

ከአራቱ ቤቶች ሰዎች ቀልባችንን የሳበው አራተኛው ሆኒንቦ ዶሳኩ ነው (1645–1702)። «ቴዋሪ» የሚባለው የምርመራ ዘዴ የእሱ ነው ይባላል። ዘዴው የኦዲተር ሥራ ይመስላል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ጠጠሮቹ የተቀመጡበትን ቅደም ተከተል ትለዋውጣላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ጠጠር ትጠይቃላችሁ፦ በዚህ ተራ ብትመጣ ኖሮ አስተዋይ ሰው እዚህ ያስቀምጥህ ነበር? መልሱ አይደለም ከሆነ ያ ጠጠር ባክኗል። እንግዲህ የመጀመሪያውን መልስ አገኘን። ዶሳኩ «መጥፎ ነው» ሲል ስሌቱን ማሳየት ይችላል።

የቤቶቹ ትምህርት ሁሉ ግን በስሌት የቆመ አልነበረም። በሆኒንቦ ቤት ጨዋታን ከሁለቱም ጠርዝ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ «ሦስት-ሦስት» በሚባለው ነጥብ መክፈት ነውር ነበር። ከነብር አፍና ከባዶ ሦስት ማዕዘን ጋር ለተማሪው በአንድ ከረጢት ይሰጠዋል፤ ተማሪው ደግሞ የቱ የተቆጠረ፣ የቱ የታዘዘ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም።

የለየው ቻይናዊው ወጣት ጎ ሴይገን ነው። በ1914 ተወለደ፤ በ1928 በ14 ዓመቱ ጃፓን ገባ። በ1933 ከጓደኛው ከኪታኒ ሚኖሩ ጋር ሆኖ «ሺንፉሴኪ»፣ አዲሱ አከፋፈት፣ የተባለውን አስተሳሰብ አመጡ። ጥግ ጥጉን ቀስ ብሎ ከማጠር ይልቅ ወደ መሃል ማየት ነበር ነገሩ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ዮሚዩሪ የተባለው ጋዜጣ የ19 ዓመቱን ጎ ሴይገንን ከ59 ዓመቱ ሆኒንቦ ሹሳይ ጋር አጋጠመ። ሹሳይ የዚያ የጥንቱ ቤት አለቃ ነው። ወጣቱ የመጀመሪያ ጠጠሩን የት ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው? ሦስት-ሦስት ላይ! ሁለተኛውን በሰያፍ ባለው ጥግ አራት-አራት ላይ፣ ሦስተኛውን ደግሞ የሰሌዳው እምብርት ላይ አኖረ። በአለቃው ፊት የቤቱን ነውር እንደ ሰላምታ አቀረበለት ማለት ነው። ጨዋታውን እያቋረጡ እስከ ጥር 1934 ቀጠሉ። ሹሳይ በ2 ነጥብ አሸነፈ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጎ ሴይገን ተሸንፏል፤ ነውሩ ግን እንደ በፊቱ አልቀጠለም። አራት-አራት ከዚያ በኋላ የተለመደ መክፈቻ ሆነ። ደግሞም ይህ ልጅ ደንብ የጣሰው ደንብ ስላልተማረ አልነበረም። የጃፓን ጌቶችን ጨዋታ እያጠና ያደገ ነው።

ታሪኩ በ2016 ተደገመ። በመጋቢት ወር አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ሴኡል ላይ ኮሪያዊውን ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 አሸነፈ። በሁለተኛው ግጥሚያ 37ኛውን ጠጠር አምስተኛው መስመር ላይ ሲያኖር ብዙ ባለሙያዎች የተሳሳተ መሰላቸው። ሠሪዎቹ እንደገለጹት፣ ሰው ያንን ቦታ የመምረጡን ዕድል ፕሮግራሙ ራሱ ከ10,000 አንድ ብሎ ገምቶት ነበር። በ2017 የመጣው አልፋጎ ዜሮ ከሕጉ በቀር ከሰው ምንም አልተማረም፤ ከራሱ ጋር ብቻ ተጫወተ። ሰዎች በዘመናት የደረሱባቸውን የጥግ አጨዋወቶች በቀናት ውስጥ ራሱ አገኛቸው፤ ከዚያ አንዳንዶቹን ተዋቸው።

አንዷ ነጥብ እንደገና ብቅ አለች፤ ሦስት-ሦስት። ጠላት አራት-አራትን በያዘበት ጥግ ገና በጊዜ ሦስት-ሦስት ላይ ዘሎ መግባት ለጀማሪ የሚከለከል ነገር ነበር፤ ለተጋጣሚ የውጪ ግንብ መሥራት ነው ተብሎ። ፕሮግራሞቹ ገቡ። ዛሬ ትልልቆቹ ተጫዋቾችም ይገባሉ።

ባዶ ሦስት ማዕዘንስ? እሱ ቆሟል። ጃፓኖች ድሮም ቢሆን ጥሩ ሆኖ ለሚገኘው «ጉዙሚ» የሚል የተለየ ስም ሰጥተውታል፤ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ይቀመጣል። ማሽኑ ይህን አልሻረም፤ 7 ከ8 ያንሳላ!

ለእኛ ትምህርቱ ይህ ነው። ታላላቆቻችን የተቆጠረውንም የታዘዘውንም በአንድ ፊት ይሰጡናል። ሁሉንም መዋጥ ስንፍና ነው፤ ሁሉንም መትፋትም ያው ስንፍና ነው። እንደ ዶሳኩ ጠጠር በጠጠር መጠየቅ ያደክማል፤ ሌላ መንገድ ግን አላገኘንም።

ባለፈው ቅዳሜ ከመካከላችን አንዷ ቁልፏን አስቀመጠች። ሁለታችን በአንድ አፍ «መጥፎ ቅርጽ!» አልን። «ማን አለ?» አለችን። ቆጠርንላት። ሰባት። ዝም ብላ ቁልፏን አነሳች። በሕጉ የተቀመጠ አይነሳም፤ ለዛሬ ብለን አለፍናት።