ልኩ ከማን አካል ተወሰደ? የፋሽን አሻንጉሊት ታሪክና የአርቲስቶች ጥረት

ልብስ ሰፊ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ልክ ይወስዳል፤ ልኩም የሚወሰደው ከለባሹ ነው። ይህ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የሙያ ሕግ ነው። በፋብሪካ የሚመረተው የፋሽን አሻንጉሊት ግን ይህን ሕግ ገለበጠው፤ ከማንም ሕያው ሴት ያልተወሰደ ልክ አዘጋጅቶ ሕያዋን ሴቶች በዚያ እንዲለኩ አደረገ። ለመሆኑ ውበት ምንድን ነው? ውብ የሚባለውስ ማን ነው? ሰው በገዛ አካሉ ውስጥ ተመችቶት የሚኖረው እንዴት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ አካል ዙሪያ መነሣት ከጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። በእጃቸው ሥራ መልስ ለመስጠት ከሞከሩት መካከልም የልዩ ልዩ አገሮች አርቲስቶች ይገኛሉ።

የአሻንጉሊቷ የትውልድ ሐረግ ከጀርመን ይነሣል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1952 በሐምቡርግ ይታተም በነበረው “ቢልድ” ጋዜጣ ላይ ሊሊ የምትባል የካርቱን ሴት ብቅ አለች። በ1955 አሻንጉሊት ሆና ለገበያ ቀረበች፤ ገዢዎቿም በአብዛኛው ጎልማሶች እንጂ ልጆች አልነበሩም። አሜሪካዊቷ የማቴል ኩባንያ መሥራች ሩት ሃንድለር በ1956 ስዊዘርላንድን ስትጎበኝ ሊሊን አይታ ገዝታ ወደ አገሯ ወሰደቻት። ማርች 9 ቀን 1959 በኒውዮርክ የአሻንጉሊቶች ትርኢት ላይ የታየችው ባርቢ ሊሊን አርአያ አድርጋ የተሠራች ነበረች። ቁመቷ 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ወገቧ ሰርጓዳ፣ እግሯም ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ብቻ እንዲገባበት የተቀረጸ ስለ ነበር ያለ ድጋፍ መቆም ይሳናት ነበር። የተፈጠረችው ለመታየት እንጂ ለመራመድ አልነበረም።

የአሻንጉሊት ፊት በልጅ አእምሮ ውስጥ ያለውን ስፍራ ግን ሊቃውንት ከዚያ በፊት መርምረውት ነበር። በ1940ዎቹ ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆነ 253 ጥቁር ሕፃናት በቀለም ብቻ የሚለያዩ አሻንጉሊቶችን አቀረቡ። ከሕፃናቱ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ከነጯ ጋር መጫወትን መረጡ። እናንተን የምትመስለው የትኛዋ ናት ተብለው ሲጠየቁም አንዳንዶቹ እያለቀሱ ክፍሉን ጥለው ወጡ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች የነበረውን የዘር ልዩነት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲወስን ይህ ጥናት ከጠቀሳቸው መረጃዎች አንዱ ነበር።

ያም ሆኖ ገበያው አዝጋሚ ነበር። በ1967 የወጣችው ጥቁር አሻንጉሊት ከነጯ ቅርጽ ማውጫ የተገኘች ነበረች፤ የተለወጠው ቀለሟ ብቻ ነው። ባርቢ የሚለውን ስም የያዘች ጥቁር አሻንጉሊት የታየችው በ1980 ሲሆን፣ ንድፏን ያወጣችው ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ የተባለች ጥቁር ዲዛይነር ናት። ስሙ ጥቁር ባለቤት እስኪያገኝ ድረስ 21 ዓመት ፈጅቷል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ አርቲስቶች አሻንጉሊቷን ለሌላ ዓላማ አነሡ። ፊልም ሠሪው ቶድ ሄይንስ በ1987 የድምፃዊቷን የካረን ካርፔንተርን ሕይወት በፊልም ሲያቀርብ በሰው ተዋናዮች ፈንታ አሻንጉሊቶችን አሰለፈ። ካረን ለመቅጠን ስትል ምግብ የመተው ሕመም አድሮባት በ1983 በ32 ዓመቷ የሞተች ናት። ሄይንስ ታሪኩ ወደ ፊት በገፋ ቁጥር የአሻንጉሊቷን ፊትና ክንድ በቢላዋ እየፋቀ አከሳት። ለቅጥነት አርአያ የሆነችው አካል ራሷ ቅጥነት ሲገድላት ታየች።

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ቶም ፎርሳይዝ ደግሞ በ1997 ባርቢን ከወጥ ቤት ዕቃዎች ጋር አጣምሮ 78 ፎቶግራፎች አነሣ። ማቴል በ1999 ከሰሰው፤ ይሁንና በ2003 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለአርቲስቱ ፈረደ። በ1 ፋብሪካ የተሠራ ምስል የሕዝብ ሕይወት አካል ከሆነ በኋላ አርቲስት ሊተቸው እንደሚችል በሕግ ፊት ተረጋገጠ።

ከትችት አልፎ ወደ ጥገና የተሸጋገረው ሥራ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በታዝማኒያ የምትኖረው ሶንያ ሲንግ በ2015 ብራትዝ የተባሉትን አሻንጉሊቶች አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ቦታዎች እየሰበሰበች፣ የፊታቸውን ከባድ ኩል በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና በባሕር ዛፍ ዘይት አጠበች። ከዚያም የልጅ ዓይንና የልጅ ፈገግታ ሣለችላቸው። የአሻንጉሊቶቹ እግር ከጫማቸው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ስለ ነበር ጫማው ሲወልቅ እግርም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሲንግ አዲስ እግር ቀረጸችላቸው። እናቷም የሱፍ ሹራብ ሠራችላቸው። ለመታየት የተፈጠሩት አሻንጉሊቶች በዚህ ዓይነት መሬት ረግጠው ሣር ላይ ለመሮጥ የተዘጋጁ ልጆች ሆኑ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ናይጄሪያዊቷ አርቲስት ሐኒፋ አደም ለባርቢ ረጅም ቀሚስና የራስ መሸፈኛ እየሰፋች ራሷን የምትመስል አሻንጉሊት ለሕዝብ አሳየች።

ኩባንያውም በ2016 ረጅም፣ አጭርና ወፈር ያለች ባርቢን ከሰባት ዓይነት የቆዳ ቀለም ጋር አወጣ። በ2017ም የራስ መሸፈኛ ያደረገች አሻንጉሊት እንደሚያቀርብ አስታወቀ። የአርቲስቶቹ ጥያቄ በከንቱ አልቀረም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ገበያ ትችትን ራሱን አሽጎ መሸጥ እንደሚችልም ከዚህ ታሪክ መረዳት አያዳግትም፤ ልኮቹ ቢበዙም የሚለካው አሁንም ሻጩ ነው።

የታሪኩ አስደናቂ ምዕራፍ ግን የራሷ የሩት ሃንድለር ነው። በ1970 በጡት ነቀርሳ ምክንያት አንድ ጡቷ ተቆረጠ። በገበያ ያገኘችው ሰው ሠራሽ ጡት ቅርጽም ምቾትም የሌለው ስለ ነበር፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የራሷን ሠርታ መሸጥ ጀመረች። ወደ መደብሮች እየሄደችም ሴቶችን በእጇ ትለካ ነበር። ማንም ሴት ያልነበራትን አካል ለዓለም ያሠራጨች ነጋዴ፣ ቆስላ ስትመለስ እንደ ልብስ ሰፊው ልክ ከለባሹ መውሰድን ተማረች። ሲንግና አደም በመርፌና በቀለም ያደረጉትም ይኸንኑ ነው።