አሮጌ «ኮር አይ 7» ወይስ አዲስ «ኮር አይ 5»? ዩዝድ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት

በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። ተጨምቆ ሲወጣ ይህን ይመስላል፦ አየር ጤና የሚኖር ልጅ፣ ቤተሰብ አዋጥቶለት ወይም ለወራት ቆጥቦ ላፕቶፕ ሊገዛ ነው። ቴሌግራም ላይ ሁለት ዩዝድ ላፕቶፖች አገኘ፣ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አንዱ «ኮር አይ 7» ሰባተኛ ጀነሬሽን፣ ሌላው «ኮር አይ 5» ስምንተኛ ጀነሬሽን። ሻጩ አይ 7 እያለ አይ 5 ምን ያደርግልሃል ይለዋል። ልጁ ቀን ኮዲንግ ይማራል፣ ማታ ማታ ጌም ይጫወታል። የቱን ይውሰድ?

መልሳችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ አይ 5ቱን።

ዘርዘር አድርገን የምንጽፈው ነገሩ የቀልድ ስላልሆነ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ዛሬ ተሳስቶ የገዛ ሰው «ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» ቢል የሚከስረው ብር ቀላል አይሆንም። በዚያ ላይ ራም ቢያንስ በአብዛኛው ነገ ይጨመራል፣ ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ይቀየራል፣ ባትሪም ይለወጣል። የእነዚህ ላፕቶፖች ፕሮሰሰር ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ነቅሎ ሌላ መትከል የለም። የገዛችሁ ቀን የያዛችሁትን ይዛችሁ ነው የምትኖሩት።

ስሙን ማንበብ

ማስታወቂያው ላይ «ኮር አይ 7፣ 8 ራም፣ 256 ኤስኤስዲ» ብቻ ተጽፎ ካያችሁ ዋናው ነገር አልተነገራችሁም። አይ 3፣ አይ 5፣ አይ 7 የሚለው ደረጃ የሚያገለግለው በአንድ ጀነሬሽን ውስጥ ያሉትን ለማወዳደር ነው። አራተኛ ክፍል አንደኛ የወጣ ልጅና ስምንተኛ ክፍል አምስተኛ የወጣ ልጅ በደረጃቸው ብቻ እንደማይወዳደሩት ማለት ነው።

ስለዚህ ሙሉ ስሙን ጠይቁ። «አይ 7-7500ዩ» ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 7 ሰባተኛ ጀነሬሽን መሆኑን ይነግራችኋል። «አይ 5-8250ዩ» ስምንተኛ ነው። «አይ 5-1135ጂ7» 11ኛ፣ «አይ 5-1235ዩ» ደግሞ 12ኛ። ሙሉ ስሙን ለመናገር የሚያንገራግር ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ያው ገብቷችኋል።

የመጨረሻዋ ፊደልም ቀላል አይደለችም። «ዩ» ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ነው፣ በተለምዶ 15 ዋት ላይ የሚሠራና ቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ የሚገባ። «ኤች» ወይም «ኤችኪው» ካለው 45 ዋት አካባቢ የሚወስድ ጉልበተኛ ነው። በዚህች ፊደል የተነሳ «ሰባተኛ ጀነሬሽን አይ 7» ተብለው የሚሸጡ ሁለት ላፕቶፖች ፈጽሞ ላይገናኙ ይችላሉ፤ 7500ዩ ያለው 2 ኮር ነው፣ 7700ኤችኪው ግን 4። ሻጩ ሁለቱንም «አይ 7» ብሎ ይጠራቸዋል፣ ዋሽቷልም አይባልም።

ሁለቱ ጎን ለጎን

አይ 7-7500ዩ እ.ኤ.አ በ2016 የወጣ ነው። 2 ኮር፣ 4 ትሬድ፣ 4 ሜጋባይት ካሽ አለው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ 3.5 ጊጋኸርዝ ነው። አይ 5-8250ዩ እ.ኤ.አ በ2017 ወጣ። 4 ኮር፣ 8 ትሬድ፣ 6 ሜጋባይት ካሽ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋኸርዝ። ሁለቱም 15 ዋት ናቸው። ልዩነታቸው የአንድ ዓመት ነው፣ ግን ኢንቴል በዚያች ዓመት የ«ዩ» አይ 5 እና አይ 7 ፕሮሰሰሮቹን ኮር በእጥፍ አሳደገ። የዩዝድ ገበያው ትልቁ መስመር የተሰመረው እዚያ ጋ ነው።

ኮር ማለት ምን ማለት ነው ለምትሉ፣ ጸጉር ቤት አስቡ። ኮሩ ቆራጩ ነው። አይ 7ቱ ሁለት ቆራጭ ያለው ጸጉር ቤት ነው፣ አይ 5ቱ አራት። የአይ 7ቱ ቆራጮች እያንዳንዳቸው በጣም በትንሹ ይፈጥናሉ፤ 3.5 እና 3.4 የሚለው ልዩነት ያ ነው። አንድ ደንበኛ ብቻ ሲመጣ ልዩነቱ አይታወቃችሁም። ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋው ሲሞላ ግን አራት ቆራጭ ያለው ቤት ይገላግላችኋል። ትሬድ ደግሞ አንዱ ቆራጭ የመጀመሪያው ደንበኛ ቀለም እስኪይዝለት ድረስ ሁለተኛውን እንደሚነካካው ዓይነት ነገር ነው። ጊዜ ይቆጥባል፣ ተጨማሪ ቆራጭ ግን አይሆንም።

ፓስማርክ የሚባለው መለኪያ ላይ 7500ዩ 3,600 ገደማ ነጥብ ያገኛል፣ 8250ዩ ደግሞ ወደ 6,000 ይጠጋል። ከፍ ስንል፣ እ.ኤ.አ በ2020 የወጣው አይ 5-1135ጂ7 10,000 አካባቢ ነው። 2 ትልልቅና 8 ትንንሽ ኮሮች ያሉት 12ኛው አይ 5-1235ዩ 13,000 አካባቢ ይደርሳል። ኪሳችሁ ከፈቀደ ወደ 11ኛና 12ኛ መሄድ ትርፍ አለው። ግን ከ7ኛ ወደ 8ኛ የሚደረገው እርምጃ ብዙ ጊዜ ትንሽ ብር ወይም ምንም ጭማሪ ሳይጠይቅ የሚገኝ ስለሆነ፣ መጀመሪያ እሱን አታሳልፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን፦ «8ኛ ነው» ተብሎ አይ 3 ቢቀርብላችሁ፣ አይ 3-8130ዩ አሁንም 2 ኮር ነው። 10ኛው አይ 3-10110ዩ እና 11ኛው አይ 3-1115ጂ4 እንኳን 2 ኮር ናቸው። አይ 3 በአብዛኛው ከዚህ የወጣው 12ኛ ላይ ነው፤ 1215ዩ 6 ኮር አለው።

ለጌም

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር፤ ለጌም ብቻ ከሆነ በሁለቱ አሮጌዎች መካከል ብዙ ልዩነት አታዩም። ጌምን የሚሸከመው በዋናነት ግራፊክሱ ነው፣ የሁለቱ ግራፊክስ ደግሞ አንድ ዓይነት ሊባል የሚችል ነው። የአንዱ «ኤችዲ 620»፣ የሌላው «ዩኤችዲ 620» ይባላል። አንዲት ፊደል ተጨምራበት ነው።

ጂቲኤ 5ን ውሰዱ። በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ የጠየቀው ዝቅተኛ ፕሮሰሰር «ኮር 2 ኳድ ኪው6600» ነበር፣ የ2007 ዕቃ። ፕሮሰሰር በኩል ሁለቱም ላፕቶፖች ችግር የለባቸውም። ግራፊክሱ ግን ይይዛችኋል። ሴቲንጉን አውርዳችሁ፣ ጥራቱን ወደ 720 ቀንሳችሁ ትጫወቱታላችሁ፤ መንገዱ ሲጨናነቅ ግን ይንቀረፈፋል። ቫሎራንት ቀለል ያለ ነው፣ ለ30 ፍሬም የሚጠይቀው ግራፊክስ «ኤችዲ 4000» ነው፤ ሁለቱም ያስኬዱታል። ፔስ 2017ም ሴቲንጉ ዝቅ ካለ ይሄዳል። ኤፍሲ 24 ግን ዝቅተኛው ራሱ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» የሚባል የግራፊክስ ካርድ ነው። በሁለቱም ላፕቶፖች አትልፉ፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ በሰዓት ከፍሎ መጫወት ይሻላል።

ጌም ዋናችሁ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው «ኤች» ላፕቶፕ ነው። ይህ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው ጌም ላይ ብዙ አይቆይም፤ በባትሪ ሲሆን ጉልበቱም ይቀንሳል። ሰፈራችሁ መብራት እንዴት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ሁለተኛው «አይሪስ ኤክስኢ» ያለበት 11ኛ ጀነሬሽን አይ 5 ነው። 1135ጂ7 ውስጥ ያለው ግራፊክስ 80 የሥራ ክፍሎች አሉት፣ አሮጌው 620 ግን 24 ብቻ። ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ይቺን ግን ብዙ ሰው አያውቃትም፦ አይሪስ ኤክስኢ ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው ራሙ በሁለት መስመር ሲሠራ ነው። አንድ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ከተሰካበት፣ ዊንዶውስ ራሱ ስሙን «ዩኤችዲ» ብሎ ያሳያችኋል። ሁለተኛው ቦታ ክፍት ከሆነ ሌላ 8 ስትጨምሩበት ጌሙ ሌላ ላፕቶፕ የገዛችሁ ያህል ሊለወጥ ይችላል። «አይሪስ ነው ተብዬ ዩኤችዲ ሸጡልኝ» ብላችሁ ከሻጭ ጋር ከመጣላታችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ለሥራና ለትምህርት

ልዩነቱ ራቁቱን የሚታየው እዚህ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ በተጀመረው «5 ሚሊዮን ኮደርስ» ገብታችሁ የአንድሮይድ አፕ መሥራት የምትማሩ ካላችሁ፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ፕሮጀክቱን ቢልድ ሲያደርግ ያለውን ኮር ሁሉ ይዞ ነው የሚሠራው። በ2 ኮር ላይ ቢልድ አድርጋችሁ ቡና አፍልታችሁ ትመለሳላችሁ፤ ኢሙሌተር ከጨመራችሁበት ስታክ ያደርጋል። ጎግል ራሱ ለስቱዲዮው ብቻ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም፣ ከነኢሙሌተሩ 16 ይላል። ስለዚህ 4 ኮሩን ገዝታችሁ ራሙን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ኢሙሌተሩን ትታችሁ የራሳችሁን ስልክ በኬብል ማገናኘትም ብዙ ያቀልላችኋል።

ቪዲዮ ኤዲቲንግም እንደዚሁ ነው፤ ኤክስፖርት ሲደረግ ኮር ይበላል። ለወርድ፣ ለኤክሴል፣ ለፒዲኤፍና ለዩቲዩብ ግን 7ኛውም ይበቃል። ቤት ውስጥ 6ኛ ወይም 7ኛ ጀነሬሽን ያላችሁና በሃርድ ዲስክ የምትሠሩ፣ ላፕቶፕ ከመቀየራችሁ በፊት ኤስኤስዲ አስገቡበት። ከፕሮሰሰር ይልቅ ሃርድ ዲስኩ ነው ብዙ ጊዜ የሚያስጠብቃችሁ።

ሌላ ከ7ኛው የሚያርቀን ነገር ዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ለተመዘገበ የግል ተጠቃሚ የደኅንነት አፕዴቱን ያራዘመው በአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። 7500ዩ ላይ አስገድዶ የሚጭን ባለሙያ አይጠፋም፣ ይሠራልም፤ ግን ማይክሮሶፍት የማይደግፈው ስለሆነ አፕዴቱ እስከመቼ እንደሚመጣ ዋስትና የለውም። ቫሎራንት ደግሞ ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ካልበራ አይከፈትም።

ኤኤምዲ ካጋጠማችሁ

ራይዘን 5-3500ዩ ከ8250ዩ ጋር የሚቀራረብ ባለ 4 ኮር ነው፣ ግራፊክሱ «ቬጋ 8» ግን ለጌም ከ620 ይሻላል። 5500ዩ 6 ኮር ስላለው ለሥራ በጣም እንወደዋለን። ወጥመዱ 7520ዩ ነው። ቁጥሩ ሲታይ ከ5500ዩ የሚበልጥ ይመስላል፤ ውስጡ ግን 4 ኮር ብቻ ነው፣ ዲዛይኑም እ.ኤ.አ በ2019 የወጣው ዜን 2 ነው። የ7000ዎቹን ዕድሜ የሚነግራችሁ ሦስተኛዋ አሃዝ ናት፤ 2 ካለች ዜን 2፣ 3 ካለች ዜን 3። ኤኤምዲ ለምን እንዲህ ግራ እንደሚያጋባ እሱ ይወቀው።

ልትረከቡ ስትሄዱ

ከአየር ጤና ታክሲ ይዛችሁ መርካቶም ሂዱ ቦሌ፣ ወይም ሻጩ እዚሁ ሰፈር ይምጣ፣ ስቲከሩን አትመኑ። ስቲከር ይለጠፋል። ላፕቶፑን አስከፍቱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ስትነኩ ሙሉ ስሙ፣ የኮሩ ብዛትና የትሬዱ ብዛት ይወጣል። ፎቶ አንሱት።

እዚያው ሳላችሁ የሚከብድ ነገር አስከፍታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ፍጥነቱንም እያያችሁ። 8250ዩ ሲሞቅ ከ3.4 ወደ 2.4 አካባቢ ቢወርድ ጤነኛ ነው። ከ1.6 በታች ወርዶ ከቀረ ፋኑ አቧራ ይዟል ወይም ፔስቱ ደርቋል፤ ጸድቶ ሊስተካከል ስለሚችል ዋጋ መቀነሻ አድርጉት። ከ1 በታች ተቀርቅሮ ከቀረ ደግሞ ቻርጀሩን ቀይራችሁ ሞክሩ። አንዳንድ ላፕቶፖች የማያውቁት ቻርጀር ሲሰካባቸው ሆን ብለው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

የመጨረሻው ባዮስ ነው። ከውጭ ድርጅቶች ተሰብስበው የሚመጡ ላፕቶፖች አንዳንዴ ባዮሳቸው በፓስወርድ እንደተቆለፈ ይደርሳሉ። ብር ከመላካችሁ በፊት አጥፍተው ሲያበሩት ባዮስ ውስጥ ገብተው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ፓስወርድ ከጠየቀ ተዉት፣ ሌላ ላፕቶፕ አይጠፋም።