በመኖሪያ ቤት የአነስተኛ ቮልት እና የኤል ኢ ዲ መብራቶች አሠራር

በአገራችን ወደ መኖሪያ ቤቶች የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ሲሆን፣ ዓይነቱም በተለምዶ «ኤ ሲ» የሚባለው ተለዋዋጭ ኃይል ነው፡፡ ኤል ኢ ዲ የተባለው ብርሃን አመንጪ በአንጻሩ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ «ዲ ሲ» ኃይል ነው፡፡ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ አንድ ፍሬ ኤል ኢ ዲ የሚፈልገውም 3 ቮልት ገደማ ብቻ ነው፡፡ ሁለቱን የሚያጣጥመው ድራይቨር የሚባለው መሣሪያ ነው፡፡ በተለመደው አምፖል ውስጥ ድራይቨሩ ከብርሃኑ በስተኋላ ተሸሽጎ ይገኛል፡፡ በኮርኒስ ዙሪያ ለሚዘረጉ ጥቅል መብራቶች ደግሞ 220ውን ወደ 12 ወይም 24 ቮልት የሚያወርድ ራሱን የቻለ ሣጥን ያስፈልጋል፡፡

ቀይ ብርሃን የሚሰጠው ኤል ኢ ዲ እ.ኤ.አ. በ1962 ቢሠራም፣ ነጩን ለማግኘት ሰማያዊው እስኪገኝ ረጅም ጊዜ ወስዷል፡፡ ለዚህ ሥራ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል፡፡ የቁጠባው ጥቅም ግልጽ ነው፡፡ በቀን ለ5 ሰዓት የሚበራ ባለ 60 ዋት የቀድሞው አምፖል በዓመት 110 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሲወስድ፣ ተመጣጣኝ ብርሃን የሚሰጠው ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ከ17 አይበልጥም፡፡

ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ሌላ ጉዳይ ነው፡፡ ዋት የቮልትና የአምፔር ብዜት በመሆኑ፣ ቮልቱ ሲቀንስ ለዚያው ዋት የሚያስፈልገው አምፔር ይጨምራል፡፡ 60 ዋት የሚወስድ መብራት በ220 ቮልት 0.27 አምፔር ብቻ ይስባል፤ በ12 ቮልት ግን 5 አምፔር ይሆናል፡፡ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 10 ሜትር ቢዘረጋ፣ ደርሶ መልሱ 20 ሜትር ስለሚሆን፣ 5 አምፔር ሲያልፍበት 1.2 ቮልት ገደማ በሽቦው ላይ ይባክናል፡፡ ይህም ከ12 ቮልት አሥር በመቶ ያህል ነው፡፡ በ220 ቮልት ቢሆን ኖሮ ብክነቱ ከአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ እንኳ ባልደረሰ ነበር፡፡ የጥቅል መብራት ጫፉ ደብዝዞ ሲታይ ብዙዎች ዕቃውን ያማርራሉ፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሽቦው መቅጠን ወይም የመስመሩ መርዘም ነው፡፡ ወፍራም ሽቦ መጠቀም ወይም ከመጀመሪያው ባለ 24 ቮልቱን መምረጥ ይገባል፡፡

12 ቮልት በደረቅ ቆዳ ላይ ሰውን እምብዛም አይጎዳም፡፡ ይሁን እንጂ እሳት አያስነሳም ማለት አይደለም፡፡ በፀሐይ ኃይል በሚሞላ ባትሪ መብራት የሚያገኙ ቤቶች ይህን በተለይ ሊያስተውሉት ይገባል፡፡ የባትሪው ሁለት ጫፎች ቢነካኩ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በቅጽበት ሊለቀቅ ስለሚችል የሽቦው ልባስ ይቀልጣል፡፡ ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ መግባት ያለበትም ለዚህ ነው፤ መብራቱ ዘንድ ቢደረግ በመካከል ያለው ሽቦ ያለ መከላከያ ይቀራል፡፡

ነባር ባለ 12 ቮልት የሃሎጅን መብራቶችን በኤል ኢ ዲ የሚተኩ ሰዎች ብርሃኑ ሲንቀጠቀጥ ያጋጥማቸዋል፡፡ ብዙዎቹ የሃሎጅን ኤሌክትሮኒክ ትራንስፎርመሮች በትክክል ለመሥራት 20 ዋት ያህል ጭነት ስለሚጠይቁ፣ ባለ 5 ዋቱ ኤል ኢ ዲ አይበቃቸውም፡፡ መፍትሔው አምፖል መለዋወጥ ሳይሆን ትራንስፎርመሩን በኤል ኢ ዲ ድራይቨር መተካት ነው፡፡

ማብሪያ ማጥፊያው ተዘግቶም ጭል ጭል የሚል አምፖል ቀላል ጉዳይ ሊመስል ይችላል፡፡ አንዳንዴ መንስኤው ጎን ለጎን ከተዘረጋ ሽቦ የሚሾልክ ጥቂት ኃይል ነው፡፡ ነገር ግን ማጥፊያው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን እንዲቆርጥ ተደርጎ ተገጥሞ ሊሆንም ይችላል፡፡ እንዲህ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶ እያለም በአምፖሉ መግጠሚያ ላይ 220 ቮልት አለ ማለት ነው፤ አምፖል ለመቀየር እጁን የሚሰድ ሰው ለአደጋ ይጋለጣል፡፡ መስመሩ በባለሙያ ተፈትሾ እስኪስተካከል ድረስ አምፖል የሚቀየረው ዋናው ብሬከር ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው፡፡