ሳይሰብሩ መፈተሽ

«አውዳሚ ያልሆነ ፍተሻ» ማለት ብየዳን ወይም የሞተር ክፍልን ሳይቆርጡ፣ ሳይሰብሩ ጉድለቱን መፈለግ ነው።

አንዱ ዘዴ በቀለም ነው። ሠልጣኙ ብየዳውን አጽድቶ ቀይ ፈሳሽ ይቀባል፤ ስንጥቁ ውስጥ እስኪሰርግ ይጠብቃል፤ ላዩን ጠርጎ ነጭ ማሳያ ይነፋበታል። ስንጥቅ ካለ ቀይ መስመር ብቅ ይላል። ቀላል ይመስላል፤ ችኩል እጅ ግን ፈሳሹን ከስንጥቁ ጭምር ጠርጎ ያወጣዋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ሱ ሲቲ 112 ሰዎች የሞቱበት የበረራ 232 አደጋ መነሻ የሞተር ዲስክ ስንጥቅ ነበር። ዲስኩ ቀደም ሲል በዚሁ ዘዴ፣ በሚያበራ ፈሳሽ ተፈትሾ ስንጥቁ ታልፏል።

የፈታሾችን ብቃት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መስፈርት አይኤስኦ 9712 ባለሙያዎችን በ3 ደረጃ ይመድባል፤ ደረጃ 1 በጽሑፍ መመሪያና በክትትል ይሠራል፣ ውጤቱን ተርጉሞ መወሰን ከደረጃ 2 ይጀምራል። የተግባር ልምምድ የሚያሳጥር ማሠልጠኛ የምስክር ወረቀት ሊሰጥ አይገባም።