የጅማ እርሻ ትምህርት ቤትና የቡና አገር ተማሪ

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው ዛሬ ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይፈጽመዋል። ቀድሞ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1940ዎቹ ዓመታት ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝናሙ አብዛኛውን የዓመት ክፍል የማያቋርጥ፣ ከወንዞቹም ብዙዎቹ ድልድይ የሌላቸው ስለ ነበሩ፣ ቡናው እንኳ በበቅሎ ጀርባ፣ ቆየት ብሎም በአውሮፕላን ካልሆነ በቀር ከአገሩ በቀላሉ አይወጣም ነበር። ለቡና ጆንያ ያልተበጀ መንገድ ደግሞ ለተማሪ ሊበጅለት አይችልም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከቤንች አገር ወጥቶ ከ8ኛ ክፍል በላይ መማር የፈለገ ልጅ፣ ከትምህርቱ አስቀድሞ የሚፈተነው በመንገዱ ነበር።

ያን ጊዜ አውራጃው በከፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ስሙም ጊሚራ ይባል ነበር። ይህን ስም ሌሎች አወጡት እንጂ የአገሩ ሰዎች ለራሳቸው አይጠሩበትም፤ ራሳቸውን ቤንች ይላሉ። ሸዋ ቤንች፣ ሸኮ፣ ሜኢኒት የሚባሉት አገሮች በእንሰትና በጎደሬ፣ በማርና በኮረሪማ፣ ከሁሉም በላይ በቡና የከበሩ ናቸው። ነገር ግን በዚሁ አገር ላይ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያረፈው የገባርነትና የባሪያ ንግድ በትር እጅግ ከባድ ነበር፤ ሰው ከቤቱ እየተወሰደ ብዙ መንደር ባዶ ቀርቷል። ባርነትን በፍጹም የሚከለክለው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። አሁን የምንነጋገርበት ትምህርት ቤት በሩን የከፈተው በ1945 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን ከዐሥር ዓመት እምብዛም እንደማይበልጥ እንረዳለን። አባቱ ልጁን እንዳይሰረቅበት ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ያንኑ ልጅ ወደ ሩቅ አገር ሰድዶ ለማያውቀው መምህር አደራ እንዲሰጥ ሲጠየቅ ምን ያህል ሊያመነታ እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይገምተው።

የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት አጀማመር ከሩቅ ይነሣል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በጥር 1941 ዓ.ም. ባደረጉት ንግግር በአራተኛ ነጥብነት ያነሡት የቴክኒክ እርዳታ በአገራችን ፖይንት ፎር በሚል ስም ታወቀ። የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት በ1942 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ፤ ወዲያውም የፖይንት ፎር ኀላፊ ሆነው ተሾሙ። ነገር ግን ሥራውን ለማየት አልታደሉም፤ በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. በኢራን አገር በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ዐረፉ። ኮሌጃቸው ግን ቃሉን አልተወም። በ1944 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ውል ፈርሞ በሚቀጥለው ዓመት በጅማ የእርሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈተ። የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎችም በ1949 ዓ.ም. ወደ ሐረርጌው ግቢያቸው እስኪዛወሩ ድረስ የተማሩት በዚሁ በጅማ ነበር። ስለዚህ ዓለማያ የጅማ ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ምንም እንኳ ልጁ በዝና ወላጁን ቢበልጠውም።

ትምህርት ቤቱ 8ኛ ክፍልን የጨረሱ ተማሪዎችን ተቀብሎ እስከ 12ኛ ክፍል ያስተምር ነበር። እዚያው እየበሉና እያደሩ መማር ለሩቅ አገር ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ በከተማ ዘመድ የሌለው ልጅ ማደሪያና እንጀራ ካላገኘ ጭንቅላቱ ምንም ያህል ብሩህ ቢሆን ምን ይጠቅመዋል? ትምህርቱ በክፍል ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። ተማሪው ከጥቁር ሰሌዳው ተነሥቶ ወደ ማሳ ይወርዳል፤ አፈር ይቆፍራል፣ ችግኝ ያፈላል፣ ከብት ይጠብቃል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የዘመኑ ትልቁ ጠብ የተነሣው።

በአገራችን ትምህርት ማለት ከእርፍና ከድግር መገላገል ማለት ነበር። የተማረ ሰው ጫማውን አጥቦ፣ ከረባት አስሮ፣ ከጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣል እንጂ ጭቃ አይነካም የሚለው አሳብ በቤተ ሰቡም፣ በተማሪውም፣ ምናልባትም በሹማምንቱ ልብ ውስጥ ሥር የሰደደ ነበር። አባት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሰድ «ከዚህ ጭቃ ይውጣልኝ» ብሎ ነው። ልጁ ግን ከብዙ ቀን ጕዞ በኋላ ጅማ ሲደርስ መቆፈሪያ ይሰጡታል። መቆፈሪያማ በቤቱ ነበረው! ይህን ግራ መጋባት እንደ ስንፍና ቈጥረን ልንነቅፈው አይገባንም። በገባርነት ያደገ ልጅ እጁን ከአፈር ለማላቀቅ መመኘቱ ስለ ነጻነት እንጂ ስለ ምቾት ብቻ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ሊያስተምር የፈለገው ከቶ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አፈርን መቆፈር አንድ ነገር፣ ስለሚቆፈረው አፈር ማወቅ ሌላ ነገር መሆኑን ነው።

ስለ ቡና ብቻ እንኳ ብናነሣ ልዩነቱ ይታያል። በደን ውስጥ ከወደቀ ፍሬ በራሱ የበቀለውን ቡና መልቀም አያት ቅድመ አያት የኖሩበት ሥራ ነው። ነገር ግን ችግኙን በመደብ ላይ አፍልቶ፣ ርቀቱን ለክቶ መትከል፣ ያረጀውን ግንድ መቊረጥ፣ ለጥላ የሚሆነውን ዛፍ መምረጥ፣ ቀይ የሆነውን ፍሬ ብቻ መልቀም፣ ጀንፈሉን በመሬት ላይ ከማስጣት ይልቅ ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማድረቅ፣ ይህ ሁሉ በገበያ ላይ ዋጋን የሚለይ ዕውቀት ነው። ወደ ቤቱ ለዕረፍት የተመለሰ ተማሪ ይህን ለአባቱ ሲነግር በመካከላቸው ክርክር መነሣቱ የማይቀር ነው። አባት ያሸንፋል፤ ቡናው የርሱ ነውና።

በ1963 ዓ.ም. ግን አባትንም ልጅንም የሚያስደነግጥ በሽታ መጣ። ፍሬውን በዛፉ ላይ ሳለ የሚያጠቍረውና የሚያደርቀው የቡና በሽታ በዚያን ዓመት በኢትዮጵያ ታየ፤ ብዙ ሳይቈይም ደቡብ ምዕራቡን አገር አዳረሰ። በጅማ አጠገብ በመልኮ የተቋቋመው የምርምር ጣቢያ ሠራተኞች በየደኑ እየዞሩ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ፈልገው ዘራቸውን አባዙ። ዛሬ የቤንች ገበሬ 74110 እና 74112 እያለ በቊጥር የሚጠራቸው የቡና ዘሮች ከነዚያ የተገኙ ናቸው፤ 74 የሚለው መነሻም ዛፎቹ የተመረጡበትን በፈረንጅ አቈጣጠር 1974ን ያመለክታል። ፊደል ያልቈጠረ ሽማግሌ የቡናውን ዘር በአምስት አኃዝ ሲጠራ የሰማ ሰው፣ የእርሻ ትምህርት በመጨረሻ በየትኛው በር እንደ ገባ ይገባዋል።

ወደ ተማሪው ኑሮ እንመለስ። የቤንች ቋንቋ ሊቃውንት የሚያደንቁት ቋንቋ ነው፤ አንዱ ቃል በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ብቻ ከሌላው የሚለይበት አምስት የድምፅ ደረጃ አለው፤ ይህም በዓለም ላይ ጥቂት ቋንቋዎች ብቻ ያላቸው ነገር ነው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ጆሮ ይዞ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ በአማርኛ ይጀምራል፤ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ሁሉ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በጅማም የሚጠብቀው የኦክላሆማ ሰው እንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አፍ የፈታ የከተማ ልጅ አንድ ወንዝ ሲሻገር እርሱ ሁለት ይሻገራል፤ ፈተናው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደገ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ከፋ ሞቻ ከነዚያ አንዱ ነበር፤ ቤንችኛ ግን አልነበረበትም።

የመምህራን ነገርም በመላ አገሪቱ አስቸጋሪ ነበር። በመስከረም 1955 ዓ.ም. ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሲበተኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትንፋሽ አገኙ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየአውራጃው እንዲያገለግሉ ተደረገ። ይህ አገልግሎት መምህር ለማግኘት የታሰበ ቢሆንም ያልታሰበ ፍሬም አፈራ። የአዲስ አበባው ተማሪ ገባሩን በዐይኑ አየ፤ በዚያው በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪም ጩኸቱን ወደየአውራጃው ይዞት ሄደ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተራቸውን ዘግተው ወደ ገጠር ወረዱ፤ የመሬት ዐዋጁም በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጣ። በጅማ አካባቢ በዘማቾቹና በባለ ሥልጣኖች መካከል ደም ያፈሰሰ ግጭት ተነሣ። ጭቃ መንካት አልፈልግም ይባል የነበረው ተማሪ፣ ጭቃው የማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ሕይወቱን ሰጠ።

ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱ ዕጣ ብዙዎቹ ታላላቅ ትምህርት ቤቶቻችን የገጠማቸው ሆነ፤ ይኸውም ሹመት ነው። የጅማው ትምህርት ቤት ጁኒየር ኮሌጅ ሆነ፤ በ1992 ዓ.ም. ከጤናው ተቋም ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለመሆን በቃ። ይህ በራሱ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ዙሪያውን እንመልከት። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተውና ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች ያደሩበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለመምህራን ኮሌጅ ተሰጠ። የአምቦው የእርሻ ትምህርት ቤትም ኮሌጅ፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትና በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛነት ተለወጡ። ሹሙ ከፍ ሲል በቀድሞ ወንበሩ የሚተካው ሰው ካልተገኘ መሥሪያ ቤቱ ይጐድላል። ከሩቅ ገጠር የመጣውን ባለ ተስፋ ልጅ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አሳድረው የሚያስተምሩ ቤቶች አንድ በአንድ ከፍ ከፍ ሲሉ፣ የለቀቁትን ቦታ የያዘ ጥቂት ነው። ይህ የጸሐፊው አስተያየት ነው፤ የሚቃወም ካለ ግን የዛሬውን የሚዛን ተማሪ ማደሪያ ሄዶ ይይ።

ዛሬ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ወደ ጅማ መሄድ ቀርቷል። ይህን ማቃለል ውለታ ቢስነት ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ የራቀበት ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር በከተማው ጠባብ ክፍል ይከራያል። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ በእግሩ ሄዶ ቆጮውን፣ ጎደሬውን፣ የበቆሎ ቂጣውን ተሸክሞ ይመለሳል፤ ሐሙስ ሲደርስ ስንቁ ያልቃል። ደግሞም የትምህርት ዘመኑና የቡናው ዘመን አይስማሙም። ትምህርቱ ጠንከር በሚልበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ወራት ቡናው ይቀላል፤ የሚለቅም እጅ ይፈለጋል። የክፍል ኪራዩና የደብተሩ ዋጋ የሚገኘው ከዚያው ቡና ስለ ሆነ፣ ልጁ ትምህርቱን ለማግኘት ትምህርቱን ይተዋል። ቡና ሲረክስ ደግሞ ደብተር ይወደዳል። በ1994 ዓ.ም. አካባቢ የዓለም የቡና ዋጋ ለብዙ ዘመን ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ በወረደ ጊዜ ይህ በቡና አገር ሁሉ ታይቷል።

የጅማው አሳብ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ራሱ ወደ ሚዛን መጣ። መንግሥት ለየቀበሌው የልማት ሠራተኛ ለማሠልጠን ካቋቋማቸው የእርሻ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አንዱ በሚዛን ተከፈተ፤ በ1999 ዓ.ም.ም ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። በ1986 ዓ.ም. የተለወጠው የትምህርት እርከንም ዞሮ ዞሮ ወደ ስድስት፣ ሁለትና አራት፣ ማለት የ1950ዎቹ ተማሪ ወደሚያውቀው ደረጃ ተመልሷል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰብስበው ተፈተኑ። ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ።

ፈተናው በተሰጠበት በዚያ በጥቅምት ወር በቤንች አገር ቡናው መቅላት ጀምሮ ነበር። ከግቢው የወጡት ልጆች ውጤታቸው እስከ ጥር ድረስ አልደረሳቸውም፤ እስከዚያው ቅርጫታቸውን አንሥተው ወደ ለቀማ ሄዱ።