ለጋሾችን በነጥብ መመዘን፦ የትንበያ ቁጥሩ የሚያሳየውና የሚሰውረው

በገጠር ቀበሌ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ተቆፍሮ የእጅ ፓምፕ ሲተከል፣ ከጎኑ የደጋፊውን ድርጅት ስም የያዘ ሰሌዳ ይቆማል። ሰሌዳው የማይናገረው ገንዘቡ መጀመሪያ ከማን ኪስ እንደወጣ ነው። ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ከመንግሥታት ከሚያገኙት በጀት ጎን ለጎን፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በጀርመን ከሚኖሩ ግለሰቦች የሚሰበስቡት ገንዘብ አላቸው። ለእነዚያ ግለሰቦች የድጋፍ ጥያቄ ከመላኩ በፊት ኮምፒውተር እያንዳንዳቸውን በነጥብ የሚመዝንበት አሠራር ተስፋፍቷል። ለማን ደብዳቤ እንደሚጻፍ፣ ለማን ስልክ እንደሚደወልና ማን እንደሚታለፍ ሲወሰን ይህ ነጥብ ትልቅ ድርሻ አለው።

ነጥቡ እንደ ሶፍትዌሩ ዓይነት ከ0 እስከ 100 ባለ ቁጥር ወይም በደረጃ ይገለጻል። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ዕቃ በፖስታ የሚሸጡ ነጋዴዎች ደንበኞቻቸውን በሦስት ጥያቄዎች ይለዩ ነበር፦ ለመጨረሻ ጊዜ የገዛው መቼ ነው? ስንት ጊዜ ገዝቷል? ምን ያህል አወጣ? ገንዘብ አሰባሳቢዎች “ገዛ” የሚለውን “ሰጠ” በሚለው ተክተው አሠራሩን ወረሱት። አዲሱ ነገር ኮምፒውተሩ የብዙ ዓመታትን መዝገብ መርምሮ፣ ቀደም ሲል የለገሱ ሰዎች የሚጋሩትን ባሕርይ ለይቶ፣ ያንኑ በሌሎች ላይ መፈለጉ ነው።

በዚህ ላይ የሀብት ፍተሻ ይጨመራል። በአሜሪካ የቤትና የመሬት ባለቤትነት መዝገብ በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው። ለፌዴራል ምርጫ ዕጩ በድምሩ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስምም ይፋ ይወጣል። ሶፍትዌሩ እነዚህን ከለጋሹ ስም ጋር አገናኝቶ የመስጠት አቅሙን ይገምታል። ይሁንና አቅምና ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ባለ ትልቅ ቤት ለውኃ ጉድጓድ ግድ ላይኖረው ይችላል፤ በኪራይ ቤት የሚኖር ደግሞ በየወሩ ሳያቋርጥ ይሰጣል። ሁለቱን ግምቶች በአንድ ቁጥር ደባልቆ የሚያቀርብ ሪፖርት አንባቢውን ያሳስታል።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ለአርሶ አደር ማስረዳት ከባድ አይመስለንም። የዘር ብቅለት ፍተሻ ሲደረግ ከ100 ፍሬ 85 ቢበቅል የዘሩ የብቅለት መጠን 85 በመቶ ነው ይባላል። በእጅ ስለተያዘችው አንዲት ፍሬ ግን ፍተሻው እርግጠኛ ቃል የለውም። የለጋሽ ነጥብም እንደዚሁ ነው። 80 ያገኙ ብዙ ሰዎች በአንድነት ሲታዩ፣ 20 ካገኙት ይልቅ ብዙዎቹ ይሰጣሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ ስለ አንዱ ግለሰብ ግን ቁጥሩ ግምት ብቻ ነው። እንዲያውም 80 የሚለው ነጥብ ሁልጊዜ “80 በመቶ ይሰጣል” ማለት አይደለም። በአንዳንድ ሶፍትዌር ከሌሎች ለጋሾች አንጻር ያለውን ተራ ብቻ ያመለክታል። ይህን ሳይጠይቁ ቁጥሩን ለሥራ አመራር ቦርድ ማቅረብ የብቅለት መጠኑን ሳያውቁ ዘር እንደ መዝራት ነው።

ነጥቡ መሥራቱ የሚታወቀው በመከር ነው። ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት የተሰጠው ነጥብ ይቀመጣል፤ ለጋሾቹ ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ተደርድረው በአሥር እኩል ክፍል ይከፈላሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከየክፍሉ ስንት ሰው እንደሰጠ ይቆጠራል። ከላይኛው ክፍል የሰጡት ከታችኛው እጅግ የሚበልጡ ከሆነ ነጥቡ ጠቅሟል። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ድርጅቱ ገንዘቡን በከንቱ አውጥቷል ማለት ነው።

ይህ ቆጠራ ራሱ ግን ወጥመድ አለበት። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ሰው ጥያቄ አይላክለትም፤ ያልተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ አይሰጥም፤ ባለመስጠቱም በቀጣዩ ዓመት ነጥቡ ይበልጥ ይወርዳል። በዓመቱ መጨረሻ ሶፍትዌሩ ትክክል የነበረ ይመስላል። ጠንቃቃ ድርጅቶች ከዝቅተኞቹ መካከል ጥቂቶቹን በዕጣ መርጠው እንደሌሎቹ በመጠየቅ ነጥቡን ይፈትኑታል።

በዚህ ወጥመድ በቀላሉ የሚወድቁት ጥቂት በጥቂት የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ ለብዙ ዓመታት ትንሽ ገንዘብ ሳያቋርጡ የሰጡ ሰዎች ንብረታቸውን በኑዛዜ ለድርጅቱ ይተዋሉ ተብሎ ከሚጠበቁት ቀዳሚዎቹ ናቸው። የሀብት ፍተሻ ግን ከታች ያስቀምጣቸዋል። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊም እንዲሁ ነው፤ ለቤተሰቡ የሚልከው ገንዘብ፣ ለዕድር የሚከፍለውና ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የሚሰጠው በዚያ ሶፍትዌር መዝገብ ውስጥ አይገኝም። ቸርነቱ ሳይጎድል ነጥቡ ይጎድላል።

በመርሐቤቴ የሚታወቀው “ሰዎች ለሰዎች” ድርጅት የተጸነሰበት ታሪክ ከዚህ አሠራር ፍጹም የተለየ ነው። ተዋናይ ካርል ሃይንዝ ቦም እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርበው፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንድ ማርክ አይሰጥም ብለው ተወራረዱ። ውርርዱን አሸነፉ፤ ቢሆንም 1.2 ሚሊዮን ማርክ ተሰበሰበ፤ እርሳቸውም ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ያን ምሽት ማንም አልተመረጠም፤ ለሁሉም የቀረበው ጥያቄ አንድ ነበር። በእርግጥ ሁሉም ድርጅት የቴሌቪዥን መድረክ አያገኝም፤ ለሁሉም ሰው ደብዳቤ መላክም ወጪ አለው። ነጥቡ የተፈለገውም ለዚሁ ነው።

ሌላው ጥያቄ የለጋሹ ፈቃድ ነው። የእንግሊዝ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 አር.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. የተባለውን የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር 25,000 ፓውንድ፣ የብሪታንያ የልብ ፋውንዴሽንን ደግሞ 18,000 ፓውንድ ቀጥቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ለጋሾች ሳያውቁ ሀብታቸውን ማስፈተሻቸው ነበር። በሚያዝያ 2017 ሌሎች 11 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቀጥተዋል።

መረጃው በአንድ ቦታ መከማቸቱም አደጋ አለው። መቀመጫው በሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን የሆነው ብላክባውድ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሶፍትዌር ከሚሸጡት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በሳይበር ጥቃት ከ13,000 በላይ ደንበኞቹ ተነክተዋል። በ2023 ከ49 የአሜሪካ ግዛቶችና ከዋና ከተማዋ ጋር በደረሰበት ስምምነት 49.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስሕተት ካለ የማስታረም መብት ይሰጣል። ስለዚህ ስልክ ቁጥሩንና ስሙን አስመዝግቦ ለአንድ ድርጅት መዋጮ የሚያደርግ የከተማ ነዋሪ፣ መረጃው ለምን እንደሚውልና ለሌላ ወገን ይተላለፍ እንደሆነ ድርጅቱን መጠየቅ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት የሚኖር ለጋሽ ደግሞ መረጃው ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ቅስቀሳ ሲባል እንዳይመዘን መቃወም ይችላል፤ ከተቃወመ ድርጅቱ ያንን ማቆም ግዴታው ነው።